«1874 ተጽፎበታል»፦ ስለ አንድ የፈረሰኛ ውጅግራ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂው መልእክት በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳንርቅ ነው። ከአያቴ የወረስነው አጭር፣ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ አለን፤ ቤተሰቡ ስናድር ይለዋል። በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው 117 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር የያዙት ቀለበቶችና የሰደፉ ጫማ ናስ ናቸው፤ የመክፈቻው እጀታ ወደ ታች የታጠፈ ነው። በብረቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገርና 1874 የሚል ቁጥር ይታያል፤ አጠገቡም ‹ኤም 80› የሚል ትንሽ ምልክት አለ። አያቴ የእምባቦ ጠመንጃ ነው ይል ነበር፤ ቁጥሩም ከእምባቦ ዓመት ጋር ይገጥማል። አንድ ነጋዴ ግን ‹በአሸዋ ወረቀት አሳምሩት፣ የተሰነጠቀውን እንጨት ቀይሩት፣ ከዚያ በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ› አለን። ጠመንጃው ምንድን ነው? ሰብሳቢዎችስ ለምን ይፈልጉታል?»

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት የአሸዋ ወረቀቱን እንዲያቆዩት ነው። ምክንያቱን ወደ ታች በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ነገር ግን ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ማንም ሰው በዚያ ብረት ላይ እጁን እንዳያሳርፍ።

ቤተሰብዎ ጠመንጃውን ስናድር ማለቱ አይገርመኝም፤ በብዙ ቤት አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ስናድር ነው። እውነተኛው ስናድር የእንግሊዝ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1866 የተቀበለውና በ1860 ዓ.ም ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ የመራው ጦር ታጥቆት የመጣው መሣሪያ ነው። የሚጎርሰው ከኋላው፣ ወደ ቀኝ ጎን እንደ ክዳን በሚገለጥ ብረት በኩል ሲሆን፣ ከውጭ በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚሳብ ትልቅ መምቻ አለው። እርስዎ የገለጹት ጠመንጃ ግን እጀታው ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ በሚሳብ መቀርቀሪያ የሚከፈት ነው፤ ከውጭ የሚታይ መምቻም አልጠቀሱልኝም። ስለዚህ ስናድር አይደለም።

የነገሩኝ ምልክቶች ሁሉ ወደ አንድ መሣሪያ ይመራሉ፤ እሱም ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት፣ የእኛ ሰዎች ቃሉን በአፋቸው አለዝበው ውጅግራ ያሉት ጠመንጃ ነው። ከውጅግራም ውስጥ የእርስዎ በተለይ ለፈረሰኛ ተብሎ የተሠራው አጭሩ ዓይነት፣ ማለትም የፈረሰኛ ካርቢን ይመስለኛል። ይህን የምለው በርዝመቱ፣ በናሱና በታጠፈው እጀታ ተመርቼ ነው። የእግረኛው ውጅግራ 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ እጀታውም ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ለመድፈኞች የተሠራው አጭሩ ደግሞ 99 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የፈረሰኛው ካርቢን 117 ከግማሽ ያህል ሲሆን፣ እጀታው የታጠፈና ቀለበቶቹ የናስ ናቸው። የልብስ ሰፊው ሜትር ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አልተሳሳተም ማለት ነው።

ሆኖም ለፈረንሳይ ጄንዳርሜሪ፣ ማለትም ለወታደራዊ ፖሊሱ የተሠሩ፣ በርዝመት ከዚህ የማይለዩ ካርቢኖች ስላሉ አንድ ፍተሻ ይቀራል። አፈሙዙን ወደማንም ሳያዞሩ፣ ጫፉ አካባቢ በቀኝ ጎኑ በኩል አውራ ጣትዎን ያሳርፉና ቀስ ብለው ይዳስሱ። ሳንጃ የሚሰካበት ጉብ ያለ ብረት ካገኙ የጄንዳርሜሪው ነው፤ ልሙጥ ከሆነ የፈረሰኛው ነው። የፈረንሳይ ፈረሰኛ በወገቡ ሰይፍ ስለነበረው በካርቢኑ ጫፍ ሳንጃ አላስፈለገውም።

ሰብሳቢዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስታቸው ሌላም ነገር አለ። በአገራችን ረጅሙን ጠመንጃ ለጉዞ እንዲመች መቁረጥ የተለመደ ስለነበር፣ አጭር የሆነ ሁሉ ካርቢን አይደለም። የተቆረጠው በጫፉ ይታወቃል፦ ፊተኛው ማነጣጠሪያ በቦታው የተወለደ ሳይሆን በኋላ የተበየደ ይመስላል፣ ሥሩም ዙሪያውን የብየዳ ቅሪት ይታያል፤ የአፈሙዙ አፍ በሞረድ የተበላ እንጂ በማሽን የተስተካከለ አይሆንም። እጀታውንም አንጥረኛ በእሳት አግሎ ያጠፈው ከሆነ የመዶሻ ጠባሳ አይጠፋበትም። እርስዎ የገለጹት የናስ ዕቃ ግን የእግረኛው ጠመንጃ ስለሌለው፣ ተስፋዬ ወደ እውነተኛው ያደላል።

አሁን ወደ 1874 ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ይህ ነውና። የእምባቦ ጦርነት በግንቦት 1874 ዓ.ም በሆሮ ጉዱሩ መሬት በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መካከል የተደረገ ነው፤ የጎበና ፈረሰኞች ያጠቁበት፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የተማረኩበት ቀን ነው። ለጎጃም ቤተሰብ ይህ ዓመት በቀላሉ የሚረሳ አይደለም። አያትዎ በብረት ላይ 1874 ተቀርጾ ሲያዩ እምባቦን ማሰባቸው ቁጥሩን በራሳቸው አቆጣጠር ማንበባቸው ነው፤ ሌላ በምን ሊያነቡት ይችሉ ነበር? ነገር ግን ያንን ቁጥር የቀረጸው የፈረንሳይ የመሣሪያ ፋብሪካ ስለሆነ አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው፤ በእኛ 1866 ወይም 1867 ዓ.ም ላይ ይውላል። ከዚህም በላይ 1874 ጠመንጃው የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ የአሠራሩ ዓይነት ስም ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈው የፋብሪካው ስም ሲሆን፣ ሴንት ኤቲየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል ከሚሉት አንዱን ሳያነቡበት አይቀሩም። «ኤም 80» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1880 የወጣ ማሻሻያ ምልክት ነው፦ የጥይቱ ቀለህ ቢቀደድ የባሩዱ ጋዝ በተኳሹ ፊት ላይ እንዳይፈነዳ መውጫ እንዲያገኝ ብረቱ ውስጥ ቦይ ተቆረጠለት። የእርስዎ ካርቢን ይህ ምልክት ካለበት ቢያንስ እ.ኤ.አ. እስከ 1880 በፈረንሳይ እጅ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ በእምባቦ ሊገኝ ይችል ነበር? በጣም የማይመስል ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የተባለውን ባለ ብዙ ጎራሽና ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ ስትቀበል ነው ውጅግራዎቿ አሮጌ የተባሉት፤ ከዚያ በኋላ ነው በኦቦክ፣ በታጁራና በኋላም በጅቡቲ በኩል በብዛት ወደ አገራችን የገቡት። የንግዱን ዘመን ለመገመት ያህል፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ እንጦጦ ያመጣቸውና ለምኒልክ የሸጣቸው ጠመንጃዎች እንኳ ውጅግራ ሳይሆኑ ከእሱ በፊት የነበሩ፣ በካፕሱል፣ ማለትም ባሩዱን በሚለኩስ ትንሽ ቆብ የሚተኩሱ አሮጌ ጠመንጃዎች ነበሩ። በየካቲት 1888 ዓ.ም በዐድዋ ግን ውጅግራ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ነበር፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከጎጃም ጦራቸው ጋር እዚያው ነበሩ። የእርስዎ ካርቢን ዐድዋ ውሏል አልልም፤ ለማለት የሚያስችል ነገር አላየሁምና። ሊውል ይችል የነበረ ዕድሜ ላይ እንደነበረ ግን እመሰክራለሁ።

የሰብሳቢዎች ፍቅር ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ካፒቴን ባዚል ግራ ያደረገው ነገር ከእሱ በፊት የነበረውን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚጎርሰውን ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ ወስዶ ለናስ ቀለህ እንዲሆን መለወጥ ነው። ተኳሹ እጀታውን ያነሣና ወደ ኋላ ይስባል፤ በዚያው እንቅስቃሴ የተተኮሰው ቀለህ ይወጣል፣ የውስጡ መርፌም ይወጠራል። አንድ ጥይት በጣቱ ያስገባል፣ ወደ ፊት ገፍቶ እጀታውን ያስተኛል፣ ምላጩን ይስባል፤ ለሚቀጥለው ተኩስ ደግሞ ሁሉን ከመጀመሪያው ይደግማል። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ እርሳሱ 25 ግራም ክብደት ሲኖረው ከኋላው 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ ይነድዳል። ይህን ሁሉ በሚንቀሳቀስ ፈረስ ላይ፣ ልጓሙን በግራ እጅ ይዞ ማድረግ ምን እንደሚመስል ያስቡት። እጀታው የታጠፈው ለዚህ ነው፤ ቀጥ ያለው እጀታ ከልብስ፣ ከልጓምና ከኮርቻ ጠፍር ጋር እየተጠላለፈ ያስቸግራል፤ የታጠፈው ግን ከእንጨቱ ጎን ተኝቶ ከጀርባ ጋር ይለጠፋል። ቁመቱም ያጠረው ሲወጡና ሲወርዱ እንዳያደናቅፍ ነው።

በፈረንሳይ ጦር የዚህ መሣሪያ ዘመን እጅግ አጭር ነበር። የወረቀቱ ጥይት በቀረበትና ባለ ብዙ ጎራሹ በገባበት መካከል ያለው ጊዜ 12 ዓመት ብቻ ነው፤ የፈረሰኞቹም ካርቢን እ.ኤ.አ. በ1890 በቤርቲየር ካርቢን ተተካ። በየትኛውም ጦር ፈረሰኛ ከእግረኛ ስለሚያንስ የተሠራው ካርቢንም ከረጅሙ ጠመንጃ ያንሳል፤ በፈረስ ላይ የዋለ መሣሪያ ደግሞ ይጋጫል፣ ይወድቃል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ስለዚህ በደህና የቆየው ከተሠራውም ያንሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከአገራችን የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ታይተዋል፤ በዚያ አገር ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ሰብሳቢዎቻቸው በነዚህ ላይ ልባቸው ይነሣሣል። ረጅሙን ውጅግራ በዚህ ምክንያት ማግኘት ቀሎላቸዋል፤ ያልተነካካ የፈረሰኛ ካርቢን ግን ዛሬም ሲያገኙ ቆም ብለው የሚያዩት ነው።

እኔ ግን ከፈረንሳዩ ታሪክ ይልቅ የሚማርከኝ የአገራችን ታሪክ በመሣሪያው ላይ የተወው አሻራ ነው። ከኢትዮጵያ የመንግሥት ግምጃ ቤት ባለፉ አንዳንድ ውጅግራዎች ብረት ላይ ትንሽ የአንበሳ ማኅተም ይገኛል፤ ሰብሳቢ በማጉያ መስተዋት የሚፈልገው ይህን ነው፤ አስመስለው የሚመቱ አታላዮች ስላሉም ጠርዙ በዝገቱ ሥር የተቀመጠ ይሁን ወይስ ዝገቱን ሰብሮ የገባ ይሁን ይመረምራል። ሌላው በአገር ልጅ እጅ የተደረገ ጥገና ነው። እንጨቱ ተሰንጥቋል ብለዋል፤ ስንጥቁ ያለው ሰደፉ በሚቀጥንበት፣ እጅ በሚጨብጠው ቦታ ከሆነ፣ ምናልባት በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ ይሆናል። ቆዳው እርጥብ ሳለ ይጠመጠማል፣ ሲደርቅ ይሸመቀቃል፤ ከዚያ በኋላ እንጨቱን ምንም ነገር አያላቅቀውም። ነጋዴው «ቀይሩት» ያለው ይህን ከሆነ፣ ሊያስጥልዎት የፈለገው ምናልባት ከጠመንጃው ሁሉ የበለጠ የእርስዎ የሆነውን ክፍል ነው። በሰደፉ ላይ የተቀረጸ መስቀል፣ ፊደል ወይም ስም ካለም እንዲሁ ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት በዘጌ በኩል አንድ ቤተሰብ እንደ እርስዎ ያለ ካርቢን አሳዩኝ። ናሱ እንደ ወርቅ ያበራል፣ ብረቱ እንደ ማንኪያ ነጭ ነው፣ እንጨቱም በቫርኒሽ ተለስኗል። አንድ ነጋዴ እንዲያሳምሩት መክሯቸው በጡብ ዱቄትና በአሸዋ ወረቀት ለሦስት ቀን ፈትገውት ነበር። ሰደፉን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ በቀኝ ጎኑ ላይ ክብ የሆነውን የፋብሪካ ማኅተም ፈለግሁ፤ በጣቴ ብዳስስ ልሙጥ ሆነብኝ። በአፈሙዙ ሥር፣ ማለትም ወደ መቀርቀሪያው በሚጠጋው ጫፉ ላይ፣ ከነበረው ቁጥር የቀረው የአንድ አኃዝ ግማሽ ብቻ ነበር። ነጋዴው ተመልሶ መጣና ምልክት የለውም ብሎ በርካሽ ጠየቃቸው። የቤቱ እመቤት «እኛ እኮ ያሳመርነው መስሎን ነው» ሲሉኝ የምመልስላቸው ቃል አጣሁ።

ሰብሳቢ የሚከፍለው ለምልክቶቹ ነው። በአፈሙዙ ሥር፣ በመቀርቀሪያው፣ በመቀርቀሪያው ቤትና በእንጨቱ ላይ ያሉት ተከታታይ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ክፍሎቹ አብረው ተወልደው አብረው አርጅተዋል ማለት ነው፤ ይህም እምብዛም አይገኝም፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ በግምጃ ቤት ሲጠገኑ መቀርቀሪያቸው ተለዋውጧል። የተሠራበትን ዓመት የሚናገረውም 1874 ሳይሆን በአፈሙዙ ሥር የተመታው ሌላ ዓመት ነው፤ ይፈልጉት። በሰደፉ ላይ ያለው ክብ ማኅተም ደግሞ እንጨቱ የመጀመሪያው መሆኑን ይመሰክራል። ጥቁር ቡናማ ሆኖ የረጋው ዝገት ቆዳ ሆኖ ብረቱን የሚጠብቅ ስለሆነ አይነካም። የሚያሰጋው ጣት ላይ የሚቀር ቀዩ ዱቄት ነው።

የሐይቁ ዳር አየር ለዚህ ቀዩ ዝገት ይመቸዋል፤ በተለይ ክረምት ላይ ጭቃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የቆመ ጠመንጃ ግድግዳውን በሚነካው ጎኑ ይበላል። እናቶቻችን በቅቤ ወይም በኑግ ዘይት ያሹት ነበር፤ ቅቤው ይቆመጥጥና ብረቱን ያዝገዋል፣ የኑጉ ዘይት ደግሞ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቅና አቧራ ይይዛል። እርስዎ በደረቅ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አቧራውን ካነሡ በኋላ፣ ጥቂት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ነክተው ብረቱን ብቻ በስሱ ያብሱ፤ እንጨቱንና ናሱን ይተዉአቸው። በላስቲክ ወይም በቆዳ አይጠቅልሉት፤ ሁለቱም እርጥበት አፍነው ይይዛሉ። በጣና ደሴት ገዳማት የብራና መጻሕፍት በማኅደር ሆነው ከመሬትም ከግድግዳም ርቀው በችካል የሚሰቀሉት አየር እንዲዞራቸው ነው፤ ለጠመንጃውም ያንኑ ያድርጉለት። ከምድጃ ጭስ ግን ያርቁት።

ከማጽዳቱ በፊት ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። እጀታውን አንሥተው ወደ ኋላ ስበው ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ጥይት ተጣብቆ ካዩ በሽቦም በቢላዋም አይነካኩት፣ ባለበት ትተው ለፖሊስ ያመልክቱ። ፈጽሞም አይተኩሱበት። ይህ ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬው ባሩድ በውስጡ የሚፈጥረው ግፊት ከሚችለው በላይ ሆኖ መቀርቀሪያውን ወደ ዓይን ሊወረውረው ይችላል።

ስለ ሕጉ ሁለት ነገር ብቻ። ጥንታዊ ነው ተብሎ የሚዘለል እንዳይመስልዎት፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ጠመንጃውን ከቤት ሳያወጡ ባዶ እጅዎን ወደ አካባቢዎ ፖሊስ ሄደው ያስረዱና መመሪያ ይቀበሉ። በመንገድ ይዘውት እንዳይንቀሳቀሱ። ሁለተኛው፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ «ውጭ አገር ገዢ አለኝ» የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁት። የባህልና ቱሪዝም ቢሮው ባለሙያዎች መሣሪያው በቅርስነት እንዲመዘገብ እንዴት እንደሚቻል ያስረዱዎታል።

ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ ለሚለው እኔ የቤተሰቡ ዳኛ አይደለሁም። የሚያስቀምጡት ከሆነ ግን ከጠመንጃው ጋር አብሮ የሚቀመጥ ጽሑፍ ያዘጋጁ፦ አያትዎ ከማን እንደተቀበሉት፣ ያ ሰው ከየት አገር እንደነበር፣ በማን ጦር ሥር እንደዘመተ፣ በዕድሜ የገፉ ዘመዶችዎን ለየብቻ ጠይቀው ሳያስተካክሉ የነገሩዎትን ይጻፉ። የእምባቦውንም ነገር አይሰርዙት፤ «አያቴ ቁጥሩን አይተው እንዲህ ይሉ ነበር» ብለው ያስፍሩት፤ የቤተሰቡ ትዝታ እንዴት እንደተሠራ ያሳያልና።

ፎቶግራፍ ሊልኩልኝ ከፈለጉ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ፣ የሰደፉን ቀኝ ጎን ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርገው ያንሡ፤ ቀጥታ ካነሡት ክቡ ማኅተም አይታይም። ሁለተኛው ሥዕል የአፈሙዙ ሥር ይሁን፤ ሦስተኛው በአውራ ጣትዎ የዳሰሱት የአፈሙዙ ጫፍ።